ለካናዳው ንጉሥ የተጻፈ አቤቱታ

ከደሴ በተነሣሁበት ምሽት ሁሉም ሰው ሻንጣዬ ውስጥ የሚበላ ነገር ሲጨምር አባባ የጨመሩልኝ ማመልከቻ ነበር። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና የዚህ ወረቀት ተሸካሚ ልጄ ጨዋ መሆኗን ይመሰክራል። መንገድ ላይ ለሚያስቸግርሽ ባለሥልጣን ታሳዪዋለሽ አሉኝ። አትሳቁባቸው፤ አባባ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከፍርድ ቤት በር ዳር ጥላ ዘርግተው የሰው አቤቱታ ሲጽፉ የኖሩ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። በእሳቸው እምነት ሰው የሚበደለው በደሉን አሳምሮ የሚጽፍለት ሲያጣ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ አላየሁትም።

አሁን የምንኖረው አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ በምትባል ከተማ፣ ሁለት ክፍል አፓርትመንት ውስጥ ነው፤ እኔ፣ እዚህ የተወለደችው ልጄ ሊያ፣ እናቴ ካረፈች በኋላ ያመጣኋቸው አባባ። እኔ በየቀኑ ኢገን የሚባል ሌላ ከተማ ድረስ እየነዳሁ አረጋውያን እጦራለሁ፤ አባቴ ግን ቤት ብቻቸውን መስኮት ይጠብቃሉ። ብርዱን ምን ብዬ ልንገራችሁ? የደሴ ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ የዚህኛው ግን ፀሐይዋን ራሷን አያፍራትም።

ዳዊት ጦርነቱ ደሴ በደረሰበት ክፉ ቀን ሸሽቶ ካምፓላ ገባ። ወደ አሜሪካ ላመጣው ሞከርኩ፣ በሩ ተዘጋ። ከዚያ ዊኒፔግ ያለች ጓደኛዬ ከቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጋር ሆና ለካናዳ ስፖንሰር አደረገችው። ዊኒፔግ ከእኛ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አባባ ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪሙም አልደበቀንም። «ዊኒፔግ ይግባልኝ እንጂ፣ በመኪና ወስደሽ አንድ ቀን ታሳዪኛለሽ» ይሉኝ ነበር። ሌላ የሚለምኑት ነገር የለም።

ዓመታት ጠበቅን። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አባባ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። የካናዳው ንጉሥ ዙፋን ላይ ተቀምጦ መንግሥቱ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ነገሮች እየዘረዘረ ነው፤ ቤት መሥራት፣ ድንበር መጠበቅ፣ የሚገባውን ሰው ቁጥር ልክ ማስያዝ። እኔ ስተረጉምላቸው የመጨረሻው ለዳዊት ክፉ ወሬ መሆኑ ገባኝ። አባባ ግን ፊታቸው በራ። ለካ ካናዳ ንጉሥ አለው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብለን ፋይል ስንጠብቅ አሉ።

ይህ የእንግሊዙ ንጉሥ ነው፣ ለካናዳም ንጉሥ ቢባል በሕገ መንግሥት የታሰረ ነው፣ የሚወስኑት ሚኒስትሮቹ ናቸው፣ ንግግሩንም የሚጽፉለት እነሱ ናቸው ብዬ አስረዳሁ። ሊያም የእሱ ሥራ ማንበብ ብቻ ነው ብላ በእንግሊዝኛ አገዘችኝ፤ «ሂ ጀስት ሪድስ ኢት፣ ግራንድፓ።»

«እኔ የሌላውን ሰው ቃል ስጽፍ ኖርኩ፣ እሱ የሌላውን ሰው ቃል ያነባል» አሉ አባባ። «እንዲያውም እንግባባለን።»

«አባባ፣ ሥልጣን የለውም እያልኩዎት ነው።»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። አቤት አይባል ግን ማንም አላለም።»

ሦስት ቀን ጻፉ። «ለግርማዊነትዎ» ብለው ጀምረው፣ መሬት ስመው፣ የዳዊትን ስደት እንደ ክስ በተራ በተራ አስቀምጠው፣ በአቤት አቤት ዘጉ። እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ፖስታ ቤት የመስኮቷ ሠራተኛ በአደራ የሚላክ ስለሆነ ውስጡ ያለው ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀች። ለአባባ ተረጎምኩላቸው።

«አንድ ልጅ ነው በያት» አሉ።

ዶክመንት ነው አልኳት።

ከወራት በኋላ ዘውድ የታተመበት ፖስታ መጣ። አባባ ተነሥተው ቆመው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ስንቱን ጽፌ፣ መልስ በእኔ ስም ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው አሉና ጎረቤት ላለው ሰው ሁሉ አሳዩ። እኔ ማንበብ ፈራሁ። ደብዳቤው ትሑት ነበር፤ ንጉሡ ያመሰግናሉ፣ በመንግሥት ውሳኔ ግን ጣልቃ አይገቡም ይላል። በዚያው ሳምንት ከዊኒፔግ ጓደኛዬ ደወለች። የዘንድሮው ቁጥር ተቀንሷል፣ የዳዊት ፋይል ይቆያል፤ እስከ መቼ እንደሆነ የሚነግራት አጥታለች። እንግሊዝ የሚባል አገር ይህን ሁሉ ጨዋነት ለምን ፈጠረ ብዬ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። በስድብ የሚመልስ ዘበኛ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እናደድ ነበር።

እሑድ ዳዊት ደወለ፤ ስፒከር ላይ አደረግነው።

«አባባ፣ ንጉሡ ምን አሉ?»

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ትርጉሜን ችሎት ፊት እንደሚያነቡ ሁሉ በዝግታ አነበቡለት፤ ሰላምታውን፣ ምስጋናውን፣ ጣልቃ አይገቡም የሚለውን ሳይቀር። ከዳዊት ወዲያ የካምፓላ ሞተር ብስክሌቶች ይጮሃሉ።

«እሺ አባባ» አለ ዳዊት። «ከንጉሥ ቀጥሎ ለማን ነው የሚጻፈው?»

አባቴ ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲመልሱ ኖረዋል። ሰው በሩ ላይ ቆሞ ግራ ሲገባው፣ ለእገሌ ቢሮ ነው ብለው የሚነግሩት እሳቸው ነበሩ። ወረቀቱን አጠፉት፣ እንደገና ዘረጉት። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

«አንቺ ንገሪው» አሉኝ፤ ተነሥተውም ወደ መኝታቸው ገቡ።

ዳዊት መልሴን ይጠብቃል። እዚያ ዝናብ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።