እጄን ያወጣሁበት ስብሰባ

በድርቁ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ለሰፈራ የሚሄድ ቤተሰብ ሊመዘግብ ሰበሰበን። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀመጥን። ካድሬው «የተስማማ እጁን ያውጣ» ሲል ከጎኔ ያሉት ሁሉ አወጡ፤ እኔም ፈርቼ አወጣሁ። ዞር ብዬ ሚስቴን ባያት፣ እንደሌሎቹ ሴቶች አፏን በነጠላዋ ሸፍና መሬት መሬት ታያለች።

«ሴቶቹም ተስማምተዋል» አለ ካድሬው። የከተማ ሰው ነው፤ የእኛ አገር ሴት እንዲያ ስትሆን እንቢ ማለቷ እንደሆነ ከየት ይወቀው? እኔ ግን አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሞፈር ስታነሳ ታቃስት የለም እንዴ? ዛሬ እጅህ እንዴት ቀለለችህ!» አለችኝ።

በሳምንቱ ጋሸና ላይ ከነልጆቻችን በጭነት መኪና ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። «ሚስቴ እንቢ ብላለች» ማለት እንዴት እንዳቃተኝ ሳስበው ዛሬም ይደክመኛል።