የገንዳው ግማሽ

መስታወት ቆራጩ የብረት ሜትሩን ሲለቀው እየተሳበ ሄዶ «ቸክ» ብሎ ማቀፊያው ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ነው እጄ ሳላዘው ወደ መስኮቱ ደፍ ሄዶ በስንዝር መለካት የጀመረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይ ቆመ። ለምን ሦስት ላይ እንደቆመ ከእኔ በቀር ቤት ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ሁለቱ የልጅ ልጆቼ ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ ከደሴ በፌስታል ውሃ የመጡላቸውን ሁለት ቀያይ ዓሦች ያያሉ። እናታቸው ጅዳ ናት፤ የማሳድጋቸው እኔ ነኝ። ዓሦቹ ገና ጣት ያህላሉ።

«እማ፣ ትንሹ የመስታወት ሳጥን ይበቃናል በሉት። ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል» አለችኝ ትልቋ።

«አይበቃም» አለ ቆራጩ። «ዛሬ ጣት ናቸው፤ ከርሞ መዳፌን ያልፋሉ። ሳጥን የሚሠራው ለዛሬው ዓሣ አይደለም፤ ለከርሞው ነው። አድጎም ሳይታጠፍ መዞር አለበት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ መሃሉ ላይ መክፈያ መስታወት ላግባበት? ልጆቹ የየራሳችን ይሁን ብለዋል።»

የራሰ እንጨት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቤቱ ውስጥ ግን የራሰ እንጨት የለም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ አፋፉ ላይ ነበር። አጎታችን ለጥጥ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ሲመለስ በቅል ውሃ ውስጥ ሁለት አምባዛ ይዞ መጣ፤ ቅርፊት የሌለው፣ ጢም ያለው ዓሣ ነው። አገራችን ደጋ ስለሆነ ከነሕይወቱ ዓሣ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቅሉ ላይ ተደፋ። አንዲት ጎረቤታችን ትኩር ብላ አየችና «ወላሂ ባሌን ቁርጥ! ጢሙም፣ ዝም ብሎ ማፍጠጡም!» ብላ ሰዉን አሳቀችው።

«አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የሱ» አለ አጎቴ።

አባቴ ሁለቱንም ጋን ውስጥ ጨመራቸው። «ዓሣ እንደ ዕቃው ነው የሚያድገው» አለን። «ጋን ውስጥ ካለ ከጋን አይበልጥም።» ከየት እንደሰማው እንጃ። እኛ ግን አመንነው። ክረምቱ ሳይወጣ አፍንጫቸው የጋኑን ሆድ ይገፋ ጀመር። አባቴ ጋኑን አየ፣ ዓሦቹን አየ፣ ራሱን አከከ። ከዚያ ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለውን የበቅሎ ገንዳ ከጓሮ ጎትቶ አመጣ። በቅሎዋ ከሞተች ቆይታለች። ገንዳው ውሃ ሲሞላ እንጨቱ ጠጥቶ ጠጥቶ ያ ሽታ ወጣ፤ ጣፈጥ ያለ፣ ደግሞ ትንሽ የበሰበሰ ሽታ።

ትል እየቆፈርን፣ ሊጥ እየቆረስን እናበላቸዋለን። የወንድሜ ዓሣ ግን ቀድሞ ይደርሳል። የእኔው ሲንደረደር የእሱ ውጦ ጨርሷል። ውሎ አድሮ የእሱ ክንድ ሲያህል የእኔው ቀጭን ሆኖ ቀረ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴም እንዲህ ያለ ነገር አልችልም። አባቴ ዘንድ ሄጄ «ፍርድ ስጠኝ!» ብዬ ጮኽኩ። አባቴ ሳቀና «እንግዲያው ተካፈሉ» አለን።

በቤታችን አንድ ደንብ ነበር። ዳቦም ይሁን ሥጋ፣ ያካፈለ ሰው ኋላ ነው የሚያነሳው፤ ሌላው ይመርጣል። ፍርድ የጠየቅሁት እኔ ስለሆንኩ ያካፈልኩትም እኔ ነኝ፤ ይህን አልረሳም። ገንዳው በእኔ ስንዝር ስድስት ነበር። ሦስት ቆጠርኩ፣ ከወዲያም ሦስት ቆጠርኩ፣ መሃሉ ላይ ከሸምበቆ የተሠራ መክፈያ አጥብቀን ወተፍን። ወንድሜ መረጠ። ግድግዳው ጥላ የሚጥልበትን ወገን ወሰደ። ከዚህ የበለጠ እኩል ምን አለ?

የእሱ ዓሣ ግን ማደጉን አላቆመም። አፉ ሸምበቆው ላይ፣ ጭራው እንጨቱ ላይ ደረሰ። መዞር ሲፈልግ እንደ ቀበቶ ይታጠፋል፤ ውሃው ተፈንጥቆ መሬቱን ጭቃ ያደርገዋል።

«ሸምበቆውን አንድ ጣት ብቻ ግፊልኝ» አለኝ ወንድሜ። «ያንቺውን እንደሁ ሰፍቶታል።»

«ሦስት ለሦስት ነው።»

«መዞር አቅቶታል እኮ!»

«ይቅርበታ! አይብላ!»

ይህን ያልኩበት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወንድሜ ራሱ ሸምበቆውን መግፋት ይችል ነበር፤ ጉልበቱ ከእኔ ይበልጣል። አልገፋውም። የተካፈልነውን አክብሮ በየቀኑ መጥቶ ይለምነኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ዓሣው ከገንዳው ውጭ ተገኘ። ዘሎ ወጥቷል። ጭድና አቧራ ለብሶ፣ ጢሙ ደርቆ ነበር። ወንድሜ በጣሳ ውሃ እየቀዳ አጠበው።

«ከሞተ በኋላ ለምን ታጥበዋለህ?» አልኩት።

«አቧራ ነካው» አለ።

ከዚያ መክፈያውን ነቅሎ ምድጃ ውስጥ ማገደው። ገንዳው በሙሉ ለእኔው ዓሣ ሆነ። የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፦ የእኔው ዓሣ ብዙ ቀን ወዲያኛው ወገን አልተሻገረም። ሸምበቆው የነበረበት ቦታ ሲደርስ ይዞራል። መጨረሻው ምን እንደሆነ ግን አላስታውስም። ስንት ነገር አስታውሼ ይህን መርሳቴ ሁልጊዜ ግር ይለኛል።

ቆራጩ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይጠብቀኛል። ልጆቹም ይጠብቁኛል። እኔ ተነስቼ ኩታበር ለሚኖረው ወንድሜ ስልክ ደወልኩ። ይህን ነገር ተነጋግረንበት አናውቅም። ሰላምታውን፣ ጤናውን፣ አልሃምዱሊላሁን ጨረስንና፦

«አንተ፣ ያን ጊዜ አንድ ጣት ብገፋልህ ዓሣህ ይድን ነበር?» አልኩት።

«የእኔ ዓሣ?» አለ። «የሞተው ያንቺው አይደለም እንዴ?»

«ያንተው ነው እንጂ! አቧራውን ስታጥብለት ቆሜ አይቻለሁ።»

«ያንቺውን ነው ያጠብኩት። አንቺማ ታለቅሺ ነበር፤ መንካቱን ፈርተሽ። አንድ ጣት ግፋልኝ እያልሽ ስትለምኚኝ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ያካፈልኩት እኔ ነኝ። አንተ ጥላውን መረጥክ።»

«ያካፈልኩ እኔ፤ ጥላውን የመረጥሽ አንቺ። እንዴት ይጠፋሻል? እኔ ይኸው ስንት ዘመን…» ድምፁ ተቆረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ ራሱ አላወቅሁም። ቆይቶ «እኔ ነኝ እህቴ። አንቺ አትድከሚ» አለኝ።

ወንድሜ ውሸት አያውቅም። እኔም አልዋሽም። ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ዓሣው ከሞተበት ቀን ወዲህ ሥጋ ሲታደል፣ ዳቦ ሲቆረስ ማንም እንዳይበደል ዓይኔን ሳልነቅል ኖሬያለሁ። ሰዉ ኃይለኛ ናት ይለኛል። በዳይዋ እኔ ስለነበርኩ ነው ብዬ ነበር። ተበዳይዋ ከነበርኩስ?

«እማማ?» አለ ቆራጩ።

«ትልቁን ሥራው» አልኩት። «መክፈያ አይግባበት።»

ትንሿ ልጅ ለንቦጯን ጣለች። «እማ፣ የሷ ዓሣ የኔን ዓሣ ምግብ ቢበላበትስ?»

ስንት ዓመት ፍርድ አውቃለሁ ስል ኖሬ፣ ዛሬ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «ስናበላቸው አብረን እንቀመጣለን» አልኳት።

ሳጥኑ ትናንት መጣ። ሁለቱ ዓሦች ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ፤ መዞሪያቸው ሰፊ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ብቻዬን አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጣቴን መስታወቱ ላይ፣ መሃል ለመሃል አሳረፍኩት። በይ አሁን አንድ ጣት ግፊ፣ አልኩ ለራሴ። ወደ ግራ ገፋሁት። ከዚያ ወደ ቀኝ መለስኩት። የወንድሜ ወገን የትኛው እንደነበር ጠፋኝ።