ማለዳ ነጠላ ለብሰው የመጡት መምህራን

ባለቤቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። እኔም እዚያው መቀሌ፣ በዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። የውጭ ተመራማሪዎች ከየአገሩ ጥቂት መምህራን ይዘው ወደ ዋልታ በረዶ ሊሄዱ ሲነሡ እሷም ተመረጠች። ሐሳቡ መልካም ነው፤ መምህሩ ምርምሩን በእጁ ሠርቶ፣ ተመልሶ ያስተምር ነው። ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ለተማሪዎቿ በረዶ የምታሳያቸው ከለስላሳ መሸጫ ፍሪጅ በፌስታል አምጥታ ነው። እንዲህ ያለች ሴት በምን አንጀቷ በረዶ ላይ ድንኳን ተክላ ታድራለች?

የሄደች ሰሞን ኢሜይሏ ይመጣ ነበር። የበረዶውን ውፍረት እንደሚለኩ፣ ከሥሩ ውሃ እንደሚሰማ፣ አንዳንዴም እንደሚሰነጠቅ ጻፈችልኝ። ይህን የመጨረሻውን ምን አስጻፋት? ከዚያ ድምጿ ጠፋ። ከሥራ ስወጣ በየቀኑ ኢንተርኔት ቤት ጎራ እላለሁ፤ ምንም የለም። አብረውን የሚኖሩት እናቷ "ወደይ፣ ጓለይ ደወለች?" እያሉ ስለ ልጃቸው ሲጠይቁኝ "ደህና ነች፣ ሰላም ብላዎታለች" እላለሁ።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። እናቷ ጸሎት ላይ ስለነበሩ ቀድመው በመስኮት አዩ። እኔም ከኋላቸው ሆኜ አየሁ። ከፊት የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር፣ ከኋላው መምህራን፤ ሁሉም ነጠላ ለብሰው ቆመዋል።

በእኛ አገር ሰው በማለዳ ተሰብስቦ፣ ነጠላ ለብሶ በር ላይ ከቆመ ምን ይዞ እንደመጣ አይጠየቅም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ በጧት መጥቶ ነው የሚያረዳው። እኔ ራሴ የስንቱን በር እንዲህ አንኳኩቻለሁ። በሩ ድረስ ደርሼ መቀርቀሪያውን ይዤ ቀረሁ። እስካልከፈትኩት ድረስ በሕይወት ያለች መስሎኝ ነበር።

"ዋይ ጓለይ! ዋይ ጓለይ!" አሉ እናቷ ደረታቸውን እየደቁ። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ።

"ኧረ አደይ፣ ምን ሆነዋል?" ዳይሬክተሩ ከውጭ ጮኸ። "ደህና ነች! ዛሬ ጧት ቢሮ ትደውላለች ተብሎ ማታ መልእክት መጣ። ስልካችሁ አልሠራ ሲለኝ፣ ከቤተ ክርስቲያን ኪዳን አድርሰን ስንወጣ ልንወስዳችሁ መጣን!"

በሩን ከፈትኩት። ደስታው ሳይሆን ንዴቱ ቀደመኝ።

"ታዲያ ብቻህን አትመጣም?" አልኩት እያለቀስኩ።

ያኔ ነው የገባው። ዞሮ መምህራኑን አያቸው፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ቢሮው ውስጥ ስልኩን ከበብነው። ሲጮህ እናቷ አነሡት፤ ድምጿን ሲሰሙ ግን ከማልቀስ በቀር ቃል አልወጣቸውም። ስልኩን ተቀበልኳቸው።

"ዐውሎ ነፋስ ድንኳን ውስጥ ዘግቶን ከረመ" አለች ድምጿ እየተቆራረጠ። "አደይ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?"

የሆነውን ነገርኳት። ትሥቃለች ብዬ ነበር፤ አልሣቀችም።

"ነፋሱ ድንኳኑን ሲያርገበግበው" አለች፣ "ማን ማን መጥተው በራችሁን እንደሚያንኳኩ እያሰብኩ ነበር። ከፊት ያቆምኩት ዳይሬክተሩን ነው።"

ቶሎ ነይልኝ ብቻ አልኳት።