ያለ ፈቃድ የበራ መብራት

አባቴ ሶላሩን የገዛው ለመብራት ብሎ አልነበረም፤ ለእናቴ ኢንሱሊን ነው። በመተማ በኩል ከኮኪት ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን ኤሌክትሪክ ስላልነበረ እናቴ መድኃኒቷን እርጥብ አሸዋ በተሞላ እንስራ ውስጥ ቀብራ ታስቀምጥ ነበር። ክረምት ላይ ይበቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲገቡ ግን የእኛን አገር ሙቀት እንስራም አሸዋም አይመልሰውም። መድኃኒቱ ይበላሻል፤ እሷ ሌላ የላትምና ያንኑ ትወጋለች፤ ስኳሯ አይወርድም። እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ያለውም እንደዚያ ባለ ሰሞን ነው።

አንድ ዓመት ሰሊጡ ጥሩ ያዘ። አባቴ ምርቱን እንደሸጠ መተማ ወርዶ የሶላር ሰሌዳዎች፣ ባትሪዎችና አንዲት ትንሽ ፍሪጅ ጭኖ መጣ። እኔ ያኔ በቀበሌው ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። እሱ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ሰሌዳዎቹን ሲያስር ከታች ሆኜ ሽቦ አቀብለዋለሁ። ፍሪጇ ሥራ ስትጀምር እናቴ በሯን ከፍታ እጇን አስገባችና፣ «ደጋ ወጥቼ ደባርቅ የደረስሁ መሰለኝ» ብላ ሳቀች።

ጎረቤት አይቶ ዝም አይልም። አንዷ ለአንድ አምፖል ለመነች፤ ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ መጣ፤ ከዚያ ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉ የአረም ሠራተኞች። አባቴ እምቢ ማለት አይችልበትም። በእንጨት ላይ ሽቦ እየዘረጋ ከቤት ቤት አዳረሰው። ባትሪ ሲደክም መቀየሪያ እንዲሆን ሁሉም በየወሩ የአቅሙን ያዋጣ ነበር። ተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሠርተው መምጣት ጀመሩ።

እንዲህ ብዙም ሳንቆይ አንድ ጠዋት ፒክአፕ መኪና ደጃችን ቆመ። የወረደው ከወረዳው ከተማ ከገንዳ ውሃ የተላከ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ የቀበሌው ሚሊሻ አብሮት አለ።

«አባት፣ ኤሌክትሪክ ይሸጣሉ ተብሎ ጥቆማ ደርሶናል» አለ።

«አልሸጥሁም። ለባትሪ ነው የሚያዋጡ።»

«ገንዘብ ከተቀበሉ ሽያጭ ነው። ኃይል ለሌላ ሰው ለማከፋፈል ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«እንግዲያ ፈቃዱን ስጡኛ!»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ለእንዲህ ላለ ትንሽ ሥራ ፈቃድ የሚሰጥበት መመሪያ ገና አልወጣም።»

«ፈቃዱ ከሌለ ክልከላው ከየት መጣ?» አልሁት እኔ።

«ክልከላው በሕጉ አለ፣ እትዬ። ፈቃዱ ነው መመሪያ የሚጠብቀው።»

እናቴ በር ተደግፋ ወጣች። «ፍሪጇን ተውልኝ ልጄ። መድኃኒቴ አለበት።»

«ፍሪጇን እተውልዎታለሁ እማማ። ሰሌዳዎቹና ባትሪዎቹ ግን ማስረጃ ስለሆኑ ይሄዳሉ።»

ክፉ ልጅ አልነበረም። ሲጭኑ አፍሮ ወደ መንገዱ ያይ ነበር። ያም ሆኖ ጫኑት።

የሰሊጡ ገንዘብ አልቆ ሌላ መግዣ ስላልነበረን፣ ከዚያ ወዲያ አባቴ ገንዳ ውሃ መመላለስ ያዘ። ወረዳው የክልሉ ጉዳይ ነው ይለዋል፤ ክልሉ መመሪያው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠብቁ ይለዋል። መመሪያው እየተረቀቀ ነበር። በሄደ ቁጥር የሚያገኘው መልስ ይኸው ነው። የስኳር በሽታ ግን ረቂቅ አይጠብቅም።

በዚያው ወራት ወደ ሱዳን የሚሻገረው የኤሌክትሪክ መስመር በእርሻችን ጥግ አለፈ። ትልልቅ የብረት ማማዎች ተተከሉ። አባቴ መስመሩን ወደሚያሠራው ኃላፊ ሄዶ፣ «ከዚህ ለእኛ መንደር ጠብ የሚል የለም?» ብሎ ጠየቀው።

«ይህ ከፍተኛ ኃይል ነው፣ አባቴ። ማከፋፈያ ጣቢያ ካልተሠራ አይቀነስም» አለው ሰውዬው በትሕትና።

በሬዲዮ ከውሃና ከነፋስ የሚመነጨው ንጹሕ ኃይላችን ለጎረቤት አገር እንደሚተርፍ ሲነገር አባቴ ሬዲዮውን አልዘጋም። እስከ መጨረሻው ሰማ። ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ሙቀቱ ሲመለስ እናቴን ጎንደር እህቷ ዘንድ ላክናት። አብረው ያረጁ ሰዎች አውቶቡስ ተራ ላይ ተለያዩ። «ቀዝቀዝ ሲል እመጣለሁ» አለችው። እሱ የመስኮቱን ጠርዝ ይዞ መኪናው እስኪንቀሳቀስ አልለቀቀም። ቁስሉ ግን ቀድሞ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። እግሯን ቆረጡት፤ ያም አላዳናት።

መርዶው ሲደርሰን ክረምት ገብቶ ነበር። ከቀበሌው እስከ ዋናው መንገድ ያለው ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ መኪና አያሳልፍም። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ በጭቃው ሲዳክር ከኋላው እከተለዋለሁ፤ ሲወድቅ አነሣዋለሁ። ጎንደር ስንደርስ ተቀብራለች።

መመሪያው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተወሰደውን ዕቃ የወረዳው ሰዎች ራሳቸው አምጥተው ደጃችን አራገፉልን። ባትሪዎቹ ፀሐይ ላይ ከርመው አብጠዋል፤ ከሰሌዳዎቹ ብዙዎቹ ተሰነጣጥቀዋል። አምጪው ሌላ ሰው ነበር፤ የሆነውን አያውቅም።

«አሁን ማመልከት ይችላሉ» አለው ደስ ብሎት። «ሕጋዊ ሆኖ መሥራት ተፈቅዷል።»

«ለማን ብዬ?» አለ አባቴ።

ሰውዬው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። መንደርተኛው ሽማግሌ እየላከ ቢለምነውም አባቴ አላመለከተም፤ ሌላም ሰው አልደፈረም። መሬቱን ለአንድ ባለሀብት አከራይቶ፣ እኔ ለማስተማር ወደተዛወርሁበት ገንዳ ውሃ መጥቶ እኔ ዘንድ ገባ። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል።

እኔ ደግሞ የምቆጣው ሰው አጣሁ። የመጡት ሁሉ ትሑት ነበሩ፤ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። እናቴን ማን እንደወሰደብኝ የሚጠይቀኝ ቢኖር ይህ ነው ብዬ የማመለክተው ሰው የለኝም።