ለቫይረሱ ማን ቆረጠለት?

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የላቦራቶሪው ኃላፊ የተቀበሉኝ «ዲግሪሽን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪና ጠርሙስ እጠቢ» ብለው ነው። አብሮኝ የተመረቀውን ወንድ ማይክሮስኮፕ ፊት አስቀመጡት። ስማቸውን አልጽፍም። አዳማ ውስጥ የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል።

በኋላ የዶሮ ሴል በሳህን እያሳደግን ቫይረስ ወደምንሞክርበት ክፍል አዛወሩኝ። ማንም ስለማይፈልገው ነበር። እኔ ወደድኩት፤ እስከ ጡረታዬም አልለቀቅኩትም።

አንድ ቀን አዴ ጫልቱ የሚባሉ እናት መጡ። ከከተማው ዳር እንቁላል ጣይ ዶሮ ያረባሉ። ዶሮዎቹ ያስላሉ፣ እንቁላልም ቀንሰዋል። ከጉሮሯቸው የወሰድነው ናሙና ጽንስ ባለበት እንቁላል ውስጥ ሲገባ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ቫይረስ በደንብ አደገ።

ኃላፊው ላንጋኖ ስብሰባ ነበራቸው። ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል።

«ገዳዩ ዓይነት ነው። ዶሮዎቹ ሁሉ ተገድለው ይወገዱ ብለሽ ጻፊ።»

«ዶክተር፣ የሴሉ ውጤት ሳይደርስ?»

«እንቁላል ውስጥ እንዲህ አድጎ ምን ትጠብቂያለሽ?»

መልሱን ያውቁታል፤ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ቫይረሱ ሴል ውስጥ እንዲገባ ላዩ ላይ ያለው ፕሮቲን መቆረጥ አለበት። የሚቆርጠው የዶሮዋ ኤንዛይም ነው። ቀለል ያለውን ዓይነት የሚቆርጠው ኤንዛይም በመተንፈሻና በአንጀት ብቻ ስላለ ቫይረሱ ከዚያ አያልፍም። ገዳዩን የሚቆርጠው ግን በየአካሉ አለ፤ ስለዚህ አንጎል ድረስ ይዘልቃል። ጽንስ ያለበት እንቁላል ሁለቱንም ይቆርጣል፤ አይለያቸውም።

«አልጽፍም» አልኩ።

«እንግዲያው ኃላፊነቱ ያንቺ ነው» ብለው ወጡ።

አዴ ጫልቱን እስኪታወቅ በሩን እንዲዘጉ፣ ዶሮም እንቁላልም እንዳያወጡ ነገርኳቸው።

«እናንተ ቤት ስሟ ተጽፎ በሕይወት የተረፈች ዶሮ አለች እንዴ?» አሉኝ። እየሳቁ ነበር፤ ግን ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ሁለት ሳህን አዘጋጀሁ። በሴሎቹ ምግብ ውስጥ ያለው ሴረም፣ ማለትም የደም ውሃ፣ ትሪፕሲን የሚባለውን ቆራጭ ኤንዛይም ስለሚያከሽፍ ሴሎቹን ደጋግሜ አጠብኩ። ቫይረሱን ለሁለቱም፣ ትሪፕሲኑን ለአንዱ ብቻ ጨመርኩ። ትሪፕሲን ባለበት ሳህን ሴሎቹ እየሞቱ ንጣፋቸው ተበሳሳ። ሌላው ንጹሕ ሆኖ ቆየ። ገዳዩ ቢሆን ቆራጩ ራሳቸው ሴሎቹ ውስጥ ስላለ ሁለቱም ይበሳሱ ነበር።

ኃላፊው ሲመለሱ ሳህኖቹን አዩና ስልክ አነሱ። «አዴ፣ እኔ ራሴ መረመርኩት። ቀላሉ ነው፤ ዶሮዎችዎ አይወገዱም።» አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ዛሬም እንቁላል የምገዛው ከአዴ ጫልቱ ነው። «ያ ዶክተር ነፍሴን አተረፈ» ይሉኛል። አላርማቸውም። እርባታው ሞልቶ ሳየው ደስ ይለኛል፤ እውነቱን ደግሞ ይኸው ጻፍኩት።

ለወጣቶቹ የምለው ይህን ነው፦ ቫይረስ እንቁላል ውስጥ ስላደገ ብቻ ገዳይ አይባልም። የሚቆርጠው ኤንዛይም በየትኛው አካል እንዳለ ሳታውቁ አትፈርሙ።