በሎርና ስም የሚጽፈው

ሎርና ፕሪስቱፓ በዊኒፔግ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት መመሪያ ጽፋለች። መሥሪያ ቤቱ የእህል ማድረቂያዎችን የሚቆጣጠር ፕሮግራም ይሠራል። ፕሮግራመሮቹ ኮዱን ጽፈው በኮድ ማከማቻው ያኖራሉ፤ እሷ ደግሞ ኮዱ ምን እንደሚያደርግ የጎተራ ኃላፊ በሚገባው አነጋገር በጋራ ገጾች ላይ ታሰፍራለች። በየገጹ ግርጌ ገጹን በመጨረሻ ያረመው ሰው ስምና ሰዓት ይታያል። ያ ስም ዘወትር የሎርና ነበር። ሌላ ሀብት ስለሌላት በዚህ ትኮራለች።

አንድ ልማድ አላት። ገጽ ስታርም ያረመችውንና ሰዓቱን አስቀድማ በአረንጓዴ ደብተር በእርሳስ ትጽፋለች። የሥራ ባልደረቦቿ በዚህ ይስቁባታል።

በጥቅምት ወር አንድ ረቡዕ፣ የዶፊን ከተማ ጎተራ ኃላፊ የሆነው ኤልመር ደወለላት።

«ስሚ ሎርና፣ ለቢራ ገብስ ስልሳ ሦስት ዲግሪ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ? በዚህ ሙቀት ዘሩ ይሞታል እኮ፤ ሬሳ ደግሞ ብቅል አይሆንም።»

ገጹን ከፈተች። አርባ ሦስት ብላ የጻፈችው ስልሳ ሦስት ሆኗል። ግርጌው ላይ «ሎርና ፕሪስቱፓ፣ ማክሰኞ፣ 12:14» ይላል። በደብተሯ የማክሰኞ መስመር ባዶ ነው። በዚያ የምሳ ሰዓት ምግብ ቤት ተቀምጣ ድንች የተሞላ ሊጥ፣ ፒሮጊ፣ ስትበላ እንደነበር ደግሞ ታስታውሳለች። ቁጥሩን አስተካከለችው፤ ልቧ ግን አልተስተካከለም። ኤልመር ስለሚያውቃት ጠየቀ። የማያውቋት ሁለት መቶ ጎተራዎች አይጠይቁም፤ ስሟን አምነው እሳቱን ይለቁታል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሎርና የጠረጠረችው ዲርክ ቲሰንን ነው። ዲርክ ከፕሮግራመሮቹ አንጋፋው ነው፤ በክረምቱ ስብሰባ ላይ ኮዱ ገጾቹን ራሱ ሊሞላቸው እንደሚችል፣ የሎርና ጣቶችም ማረፍ እንዳለባቸው እየሳቀ ተናግሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ ባገኛት ቁጥር ፈገግ ይልላታል። አሁን ስታስበው ያ ፈገግታ የጤና አልመሰላትም።

ለማንም ሳትናገር የይለፍ ቃሏን ቀየረች። ከወንበሯ ስትነሣ፣ የነካው ሰው እንዲታወቅ የኪቦርዱን ፊት ወደ ታች ገልብጣ ትሄድ ጀመር። ማንም አልነካውም። ሆኖም ዓርብ ዕለት ሌሎች ሁለት ገጾች በምሳ ሰዓት በስሟ ታርመው አገኘች።

ሰኞ ምሳ አልሄደችም። የገብሱን ገጽ ከፍታ፣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኩለ ቀን ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ምንም የለም። ከእኩለ ቀን ዘጠኝ ደቂቃ ሲያልፍ አርባ ሦስቱ ዓይኗ እያየ ስልሳ ሦስት ሆነ። ከሥሩም ስሟ መጣ። እጆቿን ተመለከተች፤ ካስቀመጠቻቸው ቦታ አልተነሡም።

ደብተሯን ይዛ ወደ አለቃዋ ወደ ሞሪን ክፍል ሄደች። ሞሪን ዲርክን አስጠራችው። ዲርክ ነገሩን ሰምቶ አንገቱን አከከ።

«ሎርና፣ የባልደረባችን የቤቨርሊ የጡረታ ሽኝት ቀን ትዝ ይልሻል? ኬኩን እየበላሽ ሳለ ላፕቶፕ አምጥቼ "ፍቀድ የሚለውን ተጫኚልኝ" አልኩሽ።»

ትዝ አላት። ክሬም በነካው ጣቷ ተጭናለች። ዲርክ ኮድ ሳይጽፍ፣ በስክሪን ላይ አንድ አንድ ሥራ የሚሠሩ ሣጥኖችን በመስመር አያይዞ፣ የኮድ ማከማቻውን ከገጾቹ ጋር አገናኝቷል። በገጾቹ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያላት እሷ ብቻ ስለነበረች ፈቃዱን ከእሷ ወሰደ። እንዲህ ያለ ግንኙነት ደግሞ የሚሠራው በፈቀደው ሰው ስም ነው፤ የይለፍ ቃል ቢቀየርም አይቋረጥም። ስልሳ ሦስቱ አንድ ፕሮግራመር ማክሰኞም ሰኞም በምሳ ሰዓት ለሙከራ ያስገባው ቁጥር ነበር። የዲርክ የመጀመሪያ ሣጥን የጸደቀውን ከሙከራው አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ ገጹ ያጓጉዛል።

«በስሜ እንደሚጽፍ አልነገርከኝም» አለችው።

«እዚያው ከቁልፉ በላይ ተጽፎ ነበር እኮ። መመሪያ ጸሐፊዋ መመሪያ አታነብም እንዴ?»

ይህ ከሁሉ ይልቅ አመማት፤ እውነት ነበርና።

ሞሪን ነገሩን ለማብረድ ሞከረች። ዲርክ ሣጥኑን ያስተካክላል፤ ስሙ ግን ሎርና ጡረታ እስክትወጣ፣ ለሁለት ዓመት ያህል እንዳለ ቢቆይ ማንንም እንደማይጎዳ ተናገረች።

ሎርና የሞሪንን ኮምፒውተር ወደ ራሷ አዙራ በስሟ ገባች፤ የሰጠቻቸውን ፈቃዶች ዝርዝር ፈልጋ አገኘችና ሁለቱም እያዩ የዲርክን ሰረዘች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተመልሳ የገብሱን ቁጥር በእጇ አረመች፤ ለኤልመርም ደወለች።

በማግስቱ ዘጠኝ ለውጦች ወደ ገጾቹ ሳይደርሱ ቀሩ። ፕሮግራመሮቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ ሞሪን ራሷ መጣች። ሎርና የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፦ ማሽኑ በራሱ ስም ይጻፍ፤ የጻፈውንም ሰው አይቶ ሳያጸድቀው አይውጣ። ሞሪን እሺ አለች።

ሐሙስ ዕለት ዲርክ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ለማሽኑ የራሱ መግቢያ ተከፍቶለታል፤ ስሙም «አውቶማቲክ አራሚ» ተብሏል። አንድ ፈቃድ ብቻ ይቀራል።

«እዚች ጋ ተጫኚና እንገላገል።»

ሎርና መነጽሯን አወጣች፤ ከአጠገቧ ያለውን ወንበር በእግሯ ሳበችለት።

«ቁጭ በል» አለችው። «ረጅም ነው።»

ከላይኛው መስመር ጀምራ የፈቃዱን ጽሑፍ ማንበብ ያዘች። ያልገባትን ትጠይቀዋለች፤ የመለሰውን በእርሳስ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። የምሳ ሰዓት አለፈ። ዲርክ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ፤ እሷ ገና ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነበረች።