በጠፍር ያሰርኩት ወንበር

ሽማግሌ ቤት ሲመጣ ቶሎ አይቀመጥም። ወንበር ሲቀርብለት «መጀመሪያ እሺ በዪን» ይላል። እሺ እስኪባል ድረስ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ጉልበቱን አያጥፍም። ትልቅ ሰው አቁሞ «ለምን ጉዳይ ነው?» ብሎ መመርመር ነውር እንደሆነ ተነግሮኝ ነው ያደግኩት። ስለዚህ የነፍስ አባቴ ሁለት የሰፈር አዛውንቶች አስከትለው አማኑኤል ሰፈር ያለው ቤቴ በመጡበት እሑድ፣ ጉዳዩን ሳልሰማ እሺ አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያቺ እሺታ ናት።

የቀርከሃ ሠራተኛ ነኝ። መርካቶ ጭድ ተራ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ቅርጫት፣ ምንጣፍና ወንበር እየሠራን ስንሸጥ ኖርን። ቀርከሃው ከእሱ አገር ከእንጅባራ በአይሱዙ ይመጣል፣ ሞያውንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ሲሞትብኝ የሥራ ቦታውም ታናሽ ወንድሙም በእኔ እጅ ቀሩ። ዋርሳዬ ያኔ ሙሉ ጎረምሳ ነው፣ ግን ቀርከሃ ሰንጥቅ ቢሉት ጣቱን የሚሰነጥቅ ዓይነት። አብልቼ፣ አልብሼ፣ ተቆጥቼ ሰው አደረግኩት። ሰው ሁሉ «እህትና ወንድም ናችሁ እንዴ?» ይለን ነበር፤ ደስ ይለኝም ነበር።

ወንበሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እንዲህ አፍ ሞልቼ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቀርከሃ ምስማር ሲመቱበት ይሰነጠቃል፤ ባይሰነጠቅም ከርሞ ይላላል። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ምስማሩን ትቼ መጋጠሚያውን እንደ ጠፍር አልጋ በእርጥብ ጠፍር ማሰር ጀመርኩ። ቆዳው ሲደርቅ እየተሰበሰበ ስለሚሄድ ሰው በተቀመጠበት ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይላላም። የግራ አውራ ጣቴን ድሮ ገጀራ ስለቆረጠኝ አይታጠፍልኝም። ስለዚህ የጠፍሩን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ በቀኝ እጄ እጠመጥማለሁ። የተራው ሰው «ወንበሩን ልትበይው ነው ወይ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ተልካ ቀርከሃ የምታጠና ተመራማሪ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ተራው መጀመሪያ ተሳለቀባት፤ «መንግሥት ሥራ ቢያጣ ቀርከሃ ሊያጠና መጣ» ተባለ። እኔ ግን ወደድኳት። ነቀዝ እንዳይበላው ቀርከሃውን በርሜል ውስጥ በመድኃኒት መዘፍዘፍ ያስተማረችን እሷ ናት። ከዚያ በፊት ደንበኛ የገዛውን ወንበር ዱቄት እያዘነበ ተሸክሞ ይመለስና ይሰድበን ነበር። «ይሄ ሁሉ ቀርከሃ ያለን ሰዎች ስቴኪኒ እንኳ ከውጭ እናስመጣለን» ትላለች፣ እውነትም ትናደዳለች። ፖሊሲ እየተረቀቀ ነው፣ ችግኝ ይባዛል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ለአምራቾችም ሼድ ይሠራል አለችን። ሥራዬ አጠገብ በርጩማ ስባ ቁጭ ትልና ስነክስ፣ ስጠመጥም ፎቶ ታነሳኛለች። «እትዬ፣ የእርስዎ እጅ ፖሊሲው ውስጥ መግባት አለበት» ያለችኝን አልረሳም።

ጭድ ተራ ያለው ቦታችን ለልማት እንደሚፈለግ ተነግሮን ነበር። ሥራው ለአገር ናሙና ሆኖ የተመረጠለት ሰው ግን ሼዱ ውስጥ ቀድሞ ቦታ ያገኛል። የተመረጠው ደግሞ የጠፍሩ ወንበር ሆነ። ለእኔ ወንበሩ ክብር ብቻ አልነበረም፤ ከተራው ስነሳ የማርፍበት ጥግ ማለት ነበር። ዋርሳዬ ነው ዜናውን ያመጣልኝ፤ አቅፌው አለቀስኩ። ያኔ ዓይኑን ለምን እንዳሸሸ አልጠየቅኩትም።

እንግዲህ ያን እሑድ እሺ አልኩ፤ ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ፣ በገዛ ወንበሮቼ ላይ። የነፍስ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይሄ ልጅ፣ ዋርሳሽ፣ ተሳስቷል። ወንበሩን የሠራሁት እኔ ነኝ ብሎ ለመንግሥት ሰዎች ተናግሯል። አሁን ውሸቱን ነው ቢባል ይዋረዳል፣ እንጀራውም ይዘጋል። አንቺ ዝም በዪለት። ሼዱ ውስጥ አብራችሁ ትሠራላችሁ።»

«አባ፣ ይሄ እኮ የእኔ ሥራ ነው!»

«እናውቃለን። እሺ ብለሻል ግን።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ለካ እሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ጠሩትና ገብቶ ጉልበቴን ሳመ። «እትዬ፣ ውለታሽን አልረሳም» አለኝ። ሽማግሌዎቹ መርቀውን ሄዱ። ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ የነከሰኝ ደግሞ ተመርቆ ወጣ።

በማግስቱ ተራው ውስጥ «ሠሪው ማን ነው?» ብለው የጠየቁኝ ነበሩ። «የቤታችን ሥራ ነው» ብዬ አለፍኩ። ቃሌን ጠበቅኩ። በልቤ ግን ተመራማሪዋን ተማምኜ ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ ስንቴ አይታኛለች! እኔ አልናገርም ብል እሷ ትናገራለች አልኩ።

የተመረጡት ሥራዎች ለባለሥልጣናት በሚታዩበት የአውደ ርዕይ ቀን ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩና ከኋላ ቆምኩ። ወንበሩ መሃል ላይ ተቀምጧል። ዋርሳዬ ሱፍ ለብሶ ለባለሥልጣናቱ ያስረዳል፤ ቃሉ ሁሉ የእኔ ነው፣ «ይጠብቃል እንጂ አይላላም» እስከሚለው ድረስ። አንዱ እንግዳ «እስቲ ሲታሰር አሳየን» አለው። አሳየ። አሳምሮ ነው የሚችለው፤ ያስተማርኩት እኔ አይደለሁ? ጠፍሩን ከውኃ አወጣ፣ በመጋጠሚያው አዞረና ጫፉን በጥርሱ ነከሰ።

ሁለቱም እጆቹ ደህና ናቸው። ጣቶቹ ሁሉ ይታጠፋሉ። መንከስ አያስፈልገውም፤ የሚነክሰው እኔ ስነክስ አይቶ ስለተማረ ብቻ ነው። ተመራማሪዋ ጥርሱን አየች። ቀጥሎ ዞር ብላ በሰው መሃል ፈለገችኝና አውራ ጣቴን አየች። ገብቷታል።

ከዚያ አጨበጨበች። ከሁሉም ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ ናት። ዋርሳዬስ የደሃ ልጅ ነው፣ ስስት አሸነፈው እላለሁ። እሷን ግን ምን እንደምላት እስከ ዛሬ አጥቻለሁ።

ተራው ፈረሰ። ሼዱ ተከፈተ። ዕቃዬን ጭኜ ስሄድ ዋርሳዬ በር ላይ ተቀበለኝና «ቦታው ጠቦናል እትዬ፣ ትንሽ ታገሺ» አለኝ። ከነጭነቴ ተመለስኩ። አሁን የምሠራው አማኑኤል ግቢዬ ውስጥ በላስቲክ ጥላ ሥር ነው። ዝናብ ሲመጣ ጠፍሩ አይደርቅልኝም።

ባለፈው እሑድ የግቢው በር ተንኳኳ። የነፍስ አባቴ ናቸው፣ እነዚያው አዛውንቶችም አሉ። ከኋላቸው ተመራማሪዋ ሻርፗን እያስተካከለች ቆማለች። ወንበሮቼ ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ የመጣነው ለመልካም ነገር ነው። መጀመሪያ እሺ በዪን።»

ከበርጩማዬ አልተነሳሁም። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አድርጌ አላውቅም፤ ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

«አባ፣ ይንገሩኝ። እንደቆማችሁ እሰማለሁ።»

እርስ በርስ ተያዩ። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተናገሩ፦ ሼዱ ውስጥ ለሚሠለጥኑ ሴቶች አስተማሪ ጠፍቷል፣ የመጡት በዋርሳዬ ሥር ሆኜ እንዳስተምርላቸው ነው። ተመራማሪዋ መሬት መሬት ታያለች። ሁሉም የእኔን እሺታ ይጠብቃሉ።

ከባልዲው እርጥብ ጠፍር አወጣሁ፣ በመጋጠሚያው አዞርኩና ጫፉን በጥርሴ ነከስኩ። እነሱ ቆመዋል። እኔ መጠምጠሜን ቀጠልኩ።